ኔትወርኩ እምቢ ሲል፦ የታብሌታችንን ዋይፋይ ስለ ማስተካከልና ስለ መቆለፍ

(ከዚህ በታች የቀረበው በካምፓችን የስብሰባ አዳራሽ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው የካምፑ ነዋሪና የስልክ ጠጋኝ ናቸው። በዕለቱ መገኘት ላልቻላችሁ እንዲደርስ፣ ከአድማጮች የቀረቡትን ጥያቄዎች ጨምረን ሙሉውን አትመነዋል።)

 

ብዙዎቻችሁ ገበያው ዳር ባለችው ጠረጴዛዬ ታውቁኛላችሁ። ሁመራ ሳለሁ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ስልክና ታብሌት እጠግናለሁ። «ኔትወርክ እምቢ አለኝ» ተብለው ከሚመጡልኝ ታብሌቶች አብዛኞቹ ምንም አልተበላሹም። ባለቤቱ የት ቦታ እንደተቋረጠ ቢያውቅ ኖሮ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ገንዘብም ሳያወጣ ያስተካክለው ነበር። ዛሬ ላስረዳችሁ የተነሳሁት ስለዚሁ ነው። ለጠጋኝ የምትከፍሉትን ገንዘብ ለማዳን ብቻ አይደለም። ከዚያ የበለጠ ምክንያት አለኝ፤ እርሱንም በአንድ ታሪክ ልጀምር።

አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድነግር ግን ፈቅደውልኛል። ልጃቸው በባሕር ማዶ መንገድ ላይ ነው። ወንድማቸውም በውጭ አገር ይኖራሉ፤ ሲችሉም ይረዷቸዋል። አንድ ቀን የታብሌታቸው ዋትስአፕ አልከፍት አለ። ዋይፋዩ ተያይዟል፤ ምልክቱም ሙሉ ነው፤ ነገር ግን መልእክት አይገባም፣ አይወጣም። ከልጃቸው ወሬ ከጠፋ ብዙ ቀን ሆኖ ስለነበር እጅግ ተጨነቁ። በዚህ መካከል አንድ የማያውቁት ወጣት «እኔ አስተካክልልዎታለሁ፤ አሁን በስልክዎ የሚመጣውን ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ብቻ ይንገሩኝ» አላቸው። ነገሩት። ወጣቱም በዚያ ቁጥር የእርሳቸውን ዋትስአፕ በራሱ ስልክ ላይ ከፈተው። በሁለተኛው ቀን ለወንድማቸው በእርሳቸው ስም «ታምሜአለሁ፣ ቶሎ ገንዘብ ላክልኝ» የሚል መልእክት ደረሳቸው። ወንድም ነውና ተበድሮ ላከ። ገንዘቡም በዚያው ቀረ።

ታብሌቱ በኋላ ወደ እኔ መጣ። ብልሽቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ባትሪው አልቆ ከጠፋ በኋላ ቀኑ ተዛብቶ ነበር። የቤቱ ልጅም ሊያስተካክል ብሎ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎ ሞልቶታል። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ጊዜው 2025 ነበር። ታብሌቱ በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተቀምጧል ማለት ነው። ዓመቱን አስተካክዬ ዋትስአፑን በእርሳቸው ቁጥር እንደገና ስንከፍተው መልእክቱ ዘነበ። ከልጃቸው የመጣ ሦስት የድምፅ መልእክትም በመካከሉ ነበር።

ወገኖቼ፣ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ብልሽቱን የማያውቅ ሰው ሲጨነቅ ቁልፉን ለማያውቀው ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ብልሽት መፈለግን መማር ራሱ አንድ ቁልፍ ነው።

ነገሩ ለእኛ ለምን ይከብዳል

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገቡ ወገኖቻችን ከቤተሰብ ወሬ ያገኙ የነበረው በመንገደኛ እጅ በሚላክ ደብዳቤና በቀይ መስቀል መልእክት ነበር። ደብዳቤ ወራት ይፈጅ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ከጥቅምት 25 በኋላ ከ60 ሺህ በላይ ሰው በሃምዳይትና በሉግዲ በኩል ሲሻገር ደግሞ በትግራይ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ተቋርጦ ስለነበር፣ ስልክ በእጃችን ይዘን ድምፅ የማንሰማ ሰዎች ሆንን። በሱዳን ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተነሳ በኋላም በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ማለቂያ ላይ የአገሪቱ የስልክ ኩባንያዎች መስመር በአብዛኛው ጠፋ። በአንዳንድ አካባቢ በቀናት ተመለሰ፤ በሌላው ግን ለብዙ ወራት አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ በብዙ የሱዳን ከተማና መንደር ሰው በስታርሊንክ ሳህን ስር ተሰብስቦ በሰዓት እየከፈለ መጠቀም ለመደ። በባንካክ ገንዘብ መቀበልም የዕለት ኑሮ ሆነ። እንግዲህ ዋይፋይ ለእኛ መዝናኛ ብቻ አይደለም። የቤተሰብ ድምፅ፣ የዳቦ ገንዘብ፣ የልጆች ትምህርት በዚያው ይመጣል። ሌባም የሚያደባው ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነው።

መንገዱ ሦስት ክፍል አለው

ነገሩን በውሃ እንመስለው። ውሃ ወደ ቤታችሁ ለመድረስ ከምንጩ ወደ ታንከሩ፣ ከታንከሩ ወደ ቧንቧው፣ ከቧንቧው በጄሪካን ወደ ቤት ይመጣል። ውሃ ሲጠፋ ጄሪካኑን የሚቀጠቅጥ ሰው የለም። መጀመሪያ «ጎረቤት ጋ አለ ወይ?» ብለን እንጠይቃለን።

ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከታብሌቱ እስከ ራውተሩ ያለው ነው፤ ይህ በሬዲዮ ሞገድ የሚሄድ ሲሆን ዋይፋይ የምንለው ይህን ብቻ ነው። ራውተር ስል ሣጥኑን ብቻ ሳይሆን ሆትስፖት የተከፈተበትን ስልክም ማለቴ ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ስልክ ማማው ወይም እስከ ሳተላይቱ ነው። ሦስተኛው ከዚያ ወዲያ ወደ ዋትስአፕ፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ሌላውም አገልግሎት የሚሄደው ነው። የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ መሆኑ የመጀመሪያው ክፍል ደህና መሆኑን ብቻ ይነግራችኋል። ስለ ቀሩት ሁለቱ ምንም አይነግራችሁም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ብልሽቱን በተራ መፈለግ

አንደኛ፣ ጎረቤትን ጠይቁ። በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሌላ ሰው ይሠራለታል ወይ? ለሁሉም ካልሠራ ታብሌታችሁን አትንኩ፤ ችግሩ ራውተሩ ወይም ከዚያ ወዲያ ነው። ለሌላው እየሠራ ለእናንተ ብቻ እምቢ ካለ ችግሩ ታብሌታችሁ ጋ ነው። ይህ አንድ ጥያቄ ግማሹን ድካም ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ የዋይፋዩ ስም ጨርሶ ካልታየ፦ በሴቲንግ፣ በአማርኛው ሜኑ «ቅንብሮች» በሚለው ውስጥ፣ ዋይፋዩ መከፈቱን ተመልከቱ። የአውሮፕላን ምልክት በርቶ እንደሆነም እዩ፤ ልጆች ሲጫወቱ ይነኩታል። ከዚያ ወደ ራውተሩ ቀረብ በሉ። ቆርቆሮ ሞገዱን ይመልሰዋል፤ የተሞላ የውሃ በርሜል ያስቀረዋል፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያዳክመዋል። ስለዚህ ራውተር ከቆርቆሮ ጀርባ ወይም ከበርሜል አጠገብ መሬት ላይ አይቀመጥም። ከፍ ብሎ፣ በተቻለ መጠን መካከል ላይ ይቀመጥ። ሌላም አለ። ራውተሮች በ2.4 ወይም በ5 ጊጋኸርዝ ያሠራጫሉ። 2.4 ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ 5 ፈጣን ነው፤ ግን ቅርብ ብቻ ነው። አሮጌ ታብሌቶች 5ን ፈጽሞ አያዩም። የጎረቤት ስልክ የሚያየውን ስም የእናንተ ታብሌት ካላየ፣ ባለቤቱ በ2.4 እንዲከፍት ንገሩት።

ሦስተኛ፣ ስሙ ታይቶ ፓስዎርዱን አልቀበል ካለ፦ ስትጽፉ ፊደሉን የሚያሳየውን የዓይን ምልክት ነክታችሁ የጻፋችሁትን አንብቡ። ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ይለያያል። በእኛ ዘንድ ግን ከሁሉ የበዛው ስሕተት የጽሕፈት ሰሌዳው በዓረብኛ ወይም በአማርኛ ላይ መቅረቱ ነው። በዓረብኛ ሰሌዳ የተጻፈ ቁጥር ለዓይን ያው ቁጥር ነው፤ ለራውተሩ ግን ሌላ ምልክት ነው። ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ መልሱና እንደገና ጻፉ። ይህም ካልሆነ የዋይፋዩን ስም ተጭናችሁ «እርሳ» የሚለውን ምረጡና እንደ አዲስ ግቡ። ባለቤቱ ፓስዎርድ ቀይሮ ከሆነ ታብሌቱ በአሮጌው እየሞከረ ይደክማልና።

አራተኛ፣ «አድራሻ በማግኘት ላይ» እያለ ከቆየ፦ ራውተሩ ለሚገባው ሰው ሁሉ የመለያ ቁጥር ያድላል፤ የሚያድለው ግን ገደብ አለው። በስልክ ሆትስፖት ደግሞ ገደቡ አነስተኛ ነው፤ ብዙ ስልኮች ከ10 መሣሪያ በላይ አይቀበሉም። አንዳንድ ሰው ይውጣ፣ ወይም ራውተሩ ይጥፋ። ራውተር ሲጠፋ ገመዱን ነቅሎ 30 ሴኮንድ ያህል ቆይቶ መሰካት፣ ከዚያም መብራቶቹ እስኪረጉ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ነው። ነቅሎ ወዲያው መሰካት ላይበቃ ይችላል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ በጀርባው ባለች ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን ቁልፍ በመርፌ አትጫኑ። እርሷ የምታጠፋው ሁሉንም ነው፤ ፓስዎርዱንም ወደ ፋብሪካው ትመልሰዋለች።

አምስተኛ፣ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ካለ፦ የመጀመሪያው ክፍል ደህና ነው ማለት ነው። ባለቤቱን ሂሳቡ አልቆ እንደሆነ ጠይቁት። በሰዓት የሚከፈልበት ቦታ ከሆነ የካርድ ቁጥር የሚሞላበት ገጽ መከፈት አለበት። ገጹ በራሱ ካልመጣ መቃኛውን ከፍታችሁ ማናቸውንም የድረ ገጽ አድራሻ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ያመጣዋል። ሌላው የተደበቀ ምክንያት ቪፒኤን ነው። መስመር በተዘጋ ጊዜ ብዙዎቻችን ቪፒኤን ጭነን ነበር። የማይሠራ ቪፒኤን ክፍት ሆኖ ከቀረ መንገዱን ሁሉ ይዘጋዋል። አጥፉትና ሞክሩ።

ስድስተኛ፣ ሁሉም ደህና ሆኖ ዋትስአፕና ባንክ ብቻ እምቢ ካሉ፦ ቀኑን ተመልከቱ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በምስጢር የሚሠራ አገልግሎት ሁሉ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን የተጻፈበት መታወቂያ አለው። ታብሌታችሁ ዓመቱ 2017 ነው ብሎ ካመነ፣ በ2025 የተሰጠ መታወቂያ ሲያይ «ይህ ገና አልተጻፈም፤ ሐሰተኛ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ታብሌቱ ጠንቃቃ ነው፤ የተሳሳትነው እኛ ነን። ስለዚህ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር አይሞላ፤ ጠዋት 2 ሰዓት የምንለው በታብሌቱ 8 ሰዓት ነው። የአገር ምርጫውም ሱዳን ይሁን። ሱዳን ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለችና ከኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ከሁሉ የሚሻለው «ቀንና ሰዓት በራሱ ይሙላ» የሚለውን መክፈት ነው።

ሰባተኛ፣ ሙቀትና መብራት፦ ገዳሪፍና ከሰላ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ እንደሚሞቁ እኔ ለእናንተ አልነግርም። የአይፓድ ሠሪዎች መሣሪያቸው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠራ ነው የሚመክሩት። ሌላውም ታብሌት ከዚህ ብዙ አይርቅም። በድንኳን ውስጥ፣ ቻርጅ ላይ ሆኖ፣ ፊልም የሚያሳይ ታብሌት ቢዘገይና ቢቋረጥ አይግረማችሁ። ከቻርጅ ንቀሉት፣ ጥላ ውስጥ አኑሩት፣ እስኪበርድ ቆዩ። ውሃ ወይም በረዶ ላይ ግን አታስቀምጡት። ራውተሩን በሶላር የምትጠቀሙም ከኋላው የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። አንዳንዱ 5፣ አንዳንዱ 9፣ አንዳንዱ 12 ቮልት ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪም ሶላር ሲሞላው ከ14 ቮልት በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ቮልት የሚቆጣጠር መሣሪያ ሳይኖር በቀጥታ አታያይዙት፤ ይቃጠላል። በእኔ ጠረጴዛ ላይ የተቃጠሉት ራውተሮች በዚሁ የመጡ ናቸው።

አሁን ደግሞ ስለ መቆለፍ

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ዋይፋይ የሚቆለፈው ሌባ ከመግባቱ በፊት ነው። የራውተር ባለቤቶች በተለይ አድምጡኝ።

መጀመሪያ የቁልፉ ዓይነት ነው። በራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ዌፕ፣ ደብልዩፒኤ2፣ ደብልዩፒኤ3 የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ዌፕ እ.ኤ.አ. በ2001 እንደሚሰበር የታወቀ አሮጌ ቁልፍ ነው፤ ዛሬ በደቂቃዎች ይከፈታል። ደብልዩፒኤ2 በ2004፣ ደብልዩፒኤ3 በ2018 የመጡ ናቸው። 3ኛውን ምረጡ። አሮጌ ታብሌት መግባት ካቃተው 2ን እና 3ን በአንድነት የሚቀበለውን ምረጡ። ዌፕን ወይም «ክፍት» የሚለውን ግን ፈጽሞ አትምረጡ።

ሁለተኛው ፓስዎርዱ ነው። ሕጉ ከ8 ፊደል ያላነሰ ይላል፤ እኔ ግን ከ12 አይነስ እላለሁ። የስልክ ቁጥር፣ የልጅ ስም፣ የድንኳን ቁጥር አይሁን። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል አያይዛችሁ ብትጽፉ ለእናንተ ለማስታወስ ቀላል፣ ለሌባ ግን ለመገመት ከባድ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ራውተር ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ወደ ዋይፋዩ የምንገባበት ሲሆን ሁለተኛው የራውተሩን ማስተካከያ የሚከፍተው ነው። ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በጀርባው በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ በአሮጌ ራውተሮችም በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ይህን የያዘ ሰው መንገዱን ያጣምማል፤ እናንተ የባንክ ገጽ ስትጠሩ ባንክ የሚመስል ሌላ ገጽ ሊያመጣላችሁ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ቀይሩት፤ ለማንም አትስጡት።

አራተኛ፣ ደብልዩፒኤስ የሚባለውን አጥፉ። ያለ ፓስዎርድ በ8 አሃዝ ቁጥር የሚያስገባ አቋራጭ ነው። ቁጥሩ በሙከራ ሊገኝ እንደሚችል ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ የታወቀ ነው።

አምስተኛ፣ ለዋይፋዩ የራሳችሁን ስም፣ የቤታችሁን ቁጥር ወይም የመጣችሁበትን አገር ስም አትስጡት። ስሙ በአየር ላይ ለሚያልፍ ሁሉ ይታያል። ማን የት እንደሚኖር ማወቅ የማይገባው ሰው ሊኖር ይችላልና። «ስሙን እደብቃለሁ» የምትሉ ደግሞ በዚህ አትመኑ፤ የተደበቀ ስም ለሚያውቅበት ሰው ይታያል።

ስድስተኛ፣ ማሻሻያ ሲመጣ ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የቤልጅየም ተመራማሪ በደብልዩፒኤ2 ላይ ቀዳዳ አግኝቶ ነበር። የተዘጋው በማሻሻያ ነው፤ ማሻሻያ ያላገኘ መሣሪያ ቀዳዳው እንዳለ ነው። ማሻሻያ ብዙ ዳታ ስለሚበላ ኔትወርክ ርካሽ በሆነበት ሰዓት አድርጉት።

በሌላ ሰው ዋይፋይ ስትጠቀሙ

ራውተር የሌላችሁ እንደ እኔው በሰው ዋይፋይ የምትኖሩ ናችሁ። ለእናንተ አራት ነገር ብቻ እላለሁ።

አንድ፣ ሌባ የታወቀን ዋይፋይ ስም ገልብጦ የራሱን ሊከፍት ይችላል፤ ታብሌት ስም እንጂ ባለቤትን አይለይም። ስለዚህ ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ዋይፋዩን ዝጉ። የማታዘወትሩትንም «እርሳ» በሉት።

ሁለት፣ ዋይፋዩ ራሱ የከፈተው ገጽ የካርድ ቁጥር ቢጠይቅ ልክ ነው። የባንካክ ምስጢር ቁጥር፣ የፌስቡክ ፓስዎርድ ወይም የስደተኛ መታወቂያ ቁጥር ቢጠይቅ ግን ወጥመድ ነው። ገንዘብ የምትቀበሉት በራሱ በባንኩ መተግበሪያ እንጂ በተላከላችሁ ማገናኛ አይሁን። በአድራሻው ላይ የምታዩት የቁልፍ ምልክትም መንገዱ የተሸፈነ መሆኑን ነው የሚናገረው። ከወዲያ ያለው ሰው ታማኝ መሆኑን አይናገርም፤ ሌባም ቁልፍ ያለበት ገጽ መሥራት ይችላል።

ሦስት፣ ባለ 6 አሃዙን ቁጥር ለማንም፣ ለልጃችሁ ጓደኛም፣ ለእኔም ቢሆን አትስጡ። ታብሌት ለመጠገን ያ ቁጥር አያስፈልግም። በዋትስአፕ ማስተካከያ ውስጥም «ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ» የሚለውን ከፍታችሁ የራሳችሁን ምስጢር ቁጥር ጨምሩ። ያኔ ሌባው መልእክቱን ቢያገኝ እንኳ ሁለተኛ በር ይጠብቀዋል።

አራት፣ «በኢንተርኔት ተመዝገብ፣ ገንዘብ ክፈል፣ ሦስተኛ አገር ትሄዳለህ» የሚል መልእክት ሐሰት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ለአገልግሎቱ ከስደተኛ ገንዘብ አይቀበልም፤ ምዝገባውም ሆነ ሌላው ሁሉ ነጻ ነው። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳችሁ ለጥበቃ ክፍሉ ሠራተኞች አሳዩ፤ ለሌላ ሰው ግን አታስተላልፉት።

ከአድማጮች የቀረቡ ጥያቄዎች

አንዲት እናት፦ ልጄ፣ ጎረቤት መጥቶ ፓስዎርድ ሲለምነኝ መከልከል ነውር ነው። ስሰጥ ደግሞ እርሱ ለሌላው ይሰጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እማማ፣ እውነትዎን ነው፤ መከልከል ለእኛ ይከብደናል። ነገር ግን ውሃ ለሚጠይቅ ውሃ ይሰጡታል እንጂ የቤትዎን ቁልፍ አይሰጡትም። በብዙ ራውተር «የእንግዳ ኔትወርክ» የሚባል አለ። ሌላ ስም፣ ሌላ ፓስዎርድ ያለው ሁለተኛ በር ነው። እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፤ የእርስዎን መሣሪያዎችና የራውተሩን ማስተካከያ ግን አያገኝም። ፓስዎርዱ ከመጠን በላይ ሲሰራጭ የእንግዳውን ብቻ ይቀይራሉ። ማንንም ሳያስቀይሙ፣ «በየወሩ መጀመሪያ ይቀየራል» ብለው አስቀድመው ቢናገሩ ደግሞ የተሻለ ነው።

አንድ ወጣት፦ የዋይፋዩ ባለቤት የምንጽፈውን ማንበብ ይችላል?

መልስ፦ የዋትስአፕ መልእክትና ጥሪ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከላኪው እስከ ተቀባዩ የተቆለፈ ነው፤ ባለቤቱ አያነበውም። ቴሌግራም እስከ ኩባንያው ድረስ የተቆለፈ ነው፤ ከሰው እስከ ሰው የሚቆለፈው «ምስጢራዊ ውይይት» የሚባለው ብቻ ነው። ባለቤቱ ሊያይ የሚችለው በየትኛው አገልግሎት እንደተጠቀማችሁ፣ መቼና ምን ያህል እንደሆነ ነው። ታብሌታችሁን ሳይዘጋ የሚያገኝ ሰው ግን ሁሉን ያነባል። ስለዚህ ለማያው ገጽ ቁልፍ አድርጉለት።

አንድ አባት፦ ታብሌቱ ቢሰረቅ ወይም ልሸጠው ብፈልግስ?

መልስ፦ ሊሸጡት ሲፈልጉ መጀመሪያ ፎቶውንና ስልክ ቁጥሮቹን ወደ ሌላ ያዛውሩ፤ ከዚያ ከጉግል አካውንትዎ ወጥተው «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን ይጫኑ። ከተሰረቀ ግን ያኑ ዕለት የሲም ካርዱን ያዘጉ፣ በሌላ ስልክ ዋትስአፕዎን ይክፈቱ፣ የባንክና የጉግል ፓስዎርድዎን ይቀይሩ። የዋይፋዩንም ፓስዎርድ ያስቀይሩ፤ ታብሌቱ በውስጡ ይዞታልና። ለዘመድ ሁሉ «በስሜ ገንዘብ ቢጠየቅ ድምፄን ሳትሰሙ አትላኩ» ብለው ይንገሩ።

መደምደሚያ

ወገኖቼ፣ ብዙ ተናገርኩ። የምትይዙት ግን ጥቂት ነው። ኔትወርክ እምቢ ሲል ጎረቤት ጠይቁ፤ ቀረብ በሉ፤ የጽሕፈት ሰሌዳውን እዩ፤ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፤ ቀኑን ተመልከቱ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልሆነ ጠረጴዛዬ አለች፤ ለማየት ብቻ ገንዘብ አልቀበልም።

የእነዚያ እናት ወንድም ገንዘቡ አልተመለሰላቸውም። እርሳቸው ግን አሁን የዋትስአፓቸው በር ሁለት ቁልፍ አለው። በሰፈራቸውም የሰው ታብሌት እምቢ ሲል ቀድመው የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው በመጀመሪያ የሚጠይቁትም «ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው የሚለው?» ብለው ነው።

 እግዚአብሔር የተለያየ ቤተሰብን ሁሉ ድምፅ ለድምፅ ያገናኝ።